ከውኃ በታች ያለው ግማሽ

ቤቴል፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ክንድ የማይሞላ የዋንዛ ጉማጅ ሞርሳ ላይ ታስሯል። ባለሙያው በራስፓ ይፍቁታል፣ እፍ ይሉታል፣ ከዚያ አንገታቸውን አዘንብለው ወረቀቱን ያዩና እንደገና ይፍቃሉ። እንጀራቸው ቁም ሳጥንና የበር ክፈፍ ነው። ጀልባ ሠርተው አያውቁም። ያመጣሁላቸው ሥዕል ግን ከጧት ጀምሮ የደንበኛ አልጋ አስቁሟቸዋል።

«ይኼ ጀልባ አይደለም» አሉኝ ወረቀቱን ገልብጠው እያዩ። «የማውቀው ጀልባ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ይኼ ከላይ ከሚታየው ከታች የተደበቀው ይበዛል። ይኼ ሁሉ እንጨት ውኃ ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?»

«እሱን ለማየት እኮ ነው ጋሼ፣ የማሠራዎት።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ። ግን ገንዘቡን እንደ አልጋ ነው የማስብብህ።»

ሥዕሉ የድሮ የረጅም ጉዞ የሸራ ጀልባ የጎን ገጽታ ነው። አሥር ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ አንድ ወይም ሁለት ምሰሶ የሚሸከም፣ ሁለት ሦስት ሰው ለወራት የሚኖርበት ዓይነት። ባሕረኞች የጀልባውን የታችኛ አከርካሪ ኪል ይሉታል። በዚህ ዓይነቱ ጀልባ ላይ ኪሉ ኋላ የተለጠፈ ዕቃ አይደለም። ከፊተኛው አፍንጫ ሥር ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ የጀልባውን ርዝመት አብዛኛውን ይዞ ወደ ኋላ ይዘልቃል። መጨረሻው ላይ፣ ልክ በር በማጠፊያ እንደሚንጠለጠል፣ መሪው ተንጠልጥሏል። ጀልባውን መሐሉ ላይ ቆርጠው ከፊት ቢያዩት አንገቱን ወደ ታች ያደረገ ብርሌ ነው፦ ከላይ ሰፋና ሞላ ያለ ሆድ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ አንገት። ባለሙያውን ያስቸገራቸውም ይኸው መስመር ነው። ፒያላ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል፤ እዚህ ጀልባ ላይ ግን አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለም። ሆዱ ከአንገቱ የሚገናኝበትን ቦታ በጣታቸው ሆድ እየዳበሱ ነው የጨረሱት። ዐይናቸውን አላመኑትም።

ቅርጹ ሲያልቅ ጓሮ ወጣን። በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ የሚያጠራቅሙበት ሰማያዊ በርሜል፣ ለሁለት ተቆርጦ የተጋደመ፣ አፉ ድረስ ሞልቷል። ጀልባዋን አስቀመጥናት፤ ወዲያው ክንብል ብላ በጎኗ ተኛች። ብናቆማትም ተኛች። ባለሙያው ሳቁ። ይህን ጠብቄ ነበርና ከጎሚስታ የለመንኩትን ለጎማ ባላንስ የሚሆን እርሳስ አወጣሁ። ቀጥቅጠን በኪሉ ግርጌ በሚስማር ሰካነው። አሁን ስናስቀምጣት ወደ ታች ገባ ብላ፣ ቀይ ቀለም እስከቀባንላት መስመር ድረስ ጠለቀችና ቀጥ ብላ ቆመች። ምሰሶ ብለን የተከልነውን የክብሪት እንጨት ውኃ እስኪነካ ተጫንኩትና ለቀቅኩት። ተነሣች፤ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አለችና ረጋች። ባለሙያው መሣቃቸውን ትተው ራሳቸው ይሞክሩ ጀመር። ከኋላ በአንድ ጣት ሲነኳት በርሜሉን ከዳር እስከ ዳር ተንሸራታ አቋረጠች። በጎን ሲገፏት እምቢ አለች፤ ጣታቸው እስኪጠና ድረስ ጋት ያህል እንኳ አልሄደችም። አጠገቧ የጣሉት ጠፍጣፋ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ግን ወደ ነኩት ሁሉ ይሄድ ነበር፤ ይዞርም ነበር።

«ገባኝ» አሉ። «በጎን እንዳትሄድ ነው።»

ነገሩ የተጠቀለለው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ሸራን የሚገፋው ጀልባው ሊሄድ ወደሚፈልግበት አቅጣጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪል ባላስፈለገ። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ይዞ መሄድ ማንም ግንድ ይችለዋል። ጭንቁ ያለው ነፋሱ ከጎን ወይም ከፊት ሰያፍ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል፤ የሚያመነጨው ኃይል ግን አብዛኛው ጀልባውን ወደ ጎን የሚገፋ ነው፤ ወደ ፊት የሚጎትተው ትንሹ ክፍል ነው። ኪሉ ውኃው ውስጥ ሌላ ክንፍ ሆኖ የጎኑን ግፊት ይቃወማል። የባሕር ውኃ ከአየር በ800 እጥፍ ገደማ የከበደ ስለሆነ ይህ የታችኛ ክንፍ ከሸራው እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሸራውን ይመክታል። ጀልባው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ ነፋሱን ለመቀበል እየዞረ፣ በመጨረሻ ነፋሱ ወደመጣበት አገር ይደርሳል። የሰው ልጅ ከነፋስ ጋር ካደረጋቸው ስምምነቶች ይህን የሚያህል የለም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው የኪል ሥራ እርሳሱ ያሳየን ነው። ነፋስ ጀልባውን ሲያጋድል ከታች ያለው ክብደት መልሶ ያነሣዋል። ይህ ክብደት ትንሽ ነገር አይደለም። በስካንዲኔቪያ እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረውና እስከ ዛሬ የሚወደደው ፎክቦት የተባለው ጀልባ ርዝመቱ 7.64 ሜትር ነው፤ መላ ክብደቱ 1,930 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን ከግማሹ በላይ ኪሉ ላይ የተሰቀለ ብረት ነው። ማለትም ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት፣ ምሰሶውም ሸራውም ሁሉ ተደምሮ ከታች የተንጠለጠለውን ብረት አያህልም። በየብስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ ባለቤቱን ጤንነቱን በጠየቅነው ነበር። ትልልቆቹ ጀልባዎች ከክብደታቸው ሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ለዚሁ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ያለው እርሳስ፣ የሌለው ብረት ያደርጋል። እርሳስ ከብረት በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳልና በትንሽ ቦታ ይገባል፤ ዝገትም አያውቅም።

ሦስተኛው ሥራ በርሜል ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ቀንና ሌሊት በሚፈራረቁበት ረጅም ጉዞ ላይ ነው። ረጅም ኪል ያለው ጀልባ የያዘውን አቅጣጫ አይለቅም። ሞገድ አፍንጫውን ቢመታው ወደ ጎን ለመዞር ያን ሁሉ ርዝመት በውኃ ውስጥ ማንሸራተት አለበትና ይከብደዋል። ብቻውን ለሚጓዝ ባሕረኛ ይህ ማለት እንቅልፍ ማለት ነው። ሸራዎቹን አመዛዝኖ መሪውን አስሮ ቢተኛ ጀልባው መንገዱን ይቀጥላል። ማዕበል ሲጠና ደግሞ ሸራውን አሳንሶ፣ አንዱን ሸራ በተቃራኒው ወጥሮ፣ መሪውን ወደ ነፋሱ አስሮ ማቆም ይቻላል። ጀልባው ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰያፍ አድርጎ፣ በጎኑ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ ኪሉ ሲንሸራተት በነፋሱ በኩል የሚተወው የተረበሸ ውኃ የሚመጣውን ሞገድ ያለዝበዋል። ሰዎቹ ገብተው ሾርባ ያሞቃሉ።

ይህን ቅርጽ አንድ ሰው አልፈጠረውም፤ ዓሣ አስጋሪዎችና የወደብ መሪዎች ለዘመናት ሲያሻሽሉት ኖረዋል። ስሙ አብሮ የሚነሣው ግን ኮሊን አርቸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ላርቪክ በተባለች የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች የተወለደ መርከብ ነዳፊ። የዋልታ አሳሹ ናንሰን በረዶ ውስጥ ታስራ እንድትቆይ ያሠራትን ፍራም የተባለች መርከብ የነደፈ እሱ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ለኖርዌይ የባሕር ሕይወት አድን ማኅበር የነደፋት፣ በስሙ የተጠራች ጀልባ ናት። ርዝመቷ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቷም ኋላዋም ሹል፣ ሆዷ ሞላ ያለ፣ ኪሏ ረጅምና ጥልቅ። ሞተር የላትም። ሥራዋ ሌሎች ጀልባዎች ወደ ወደብ በሚሸሹበት ሰዓት ከወደብ መውጣት ነበር። በተሠራች በዓመቱ፣ በሰሜኑ ጫፍ ሀምኒንግበርግ በተባለ መንደር አጠገብ በማዕበል መሐል 36 ሰዎችን አውጥታለች። ፍጥነት የሚባል ነገር አርቸርን ያሳሰበው አይመስልም። ያሳሰበው ጀልባዋ ስትመታ ምን እንደምትሆን ነው።

የአርቸርን መስመር አሜሪካዊው ዊልያም አትኪን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሳንሶ ለግል ጀልባ አደረገው። ያ ንድፍ ዞሮ ዞሮ ቦምቤይ ደረሰ። በዚያ ከቲክ እንጨት ሱሃይሊ የምትባል አሥር ሜትር የማትሞላ ጀልባ ተሠራችለት፤ ለሮቢን ኖክስ ጆንስተን፣ ለወጣት የእንግሊዝ የንግድ መርከብ መኮንን። እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻውን፣ ወደብ ሳይነካ፣ ዓለምን ሊዞር ከፋልመዝ ተነሣ። ውድድር ነበር፤ ከዘጠኝ ተወዳዳሪ የጨረሰው እሱ ብቻ ነው። አውስትራሊያ ሲደርስ በነፋስ የሚሠራው የመሪ መሣሪያው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሱሃይሊ በኪሏና በሸራዋ ሚዛን ራሷን እየመራች ነው የሄደችው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። 312 ቀን ፈጀባት። ሲካፈል በሰዓት ከሰባት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ይመጣል፦ የሶምሶማ ፍጥነት፣ ለአሥር ወር ያለ ዕረፍት። ፋልመዝ የገባው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 14 ቀን 1961 ነው።

ይህን ቀን ያዙልኝ። ከ33 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1961፣ ከሞሮኮው ሳፊ ወደብ ሌላ መርከብ ተነሣች፤ እሷ ደግሞ ኪል የሚባል ነገር በዞረበት አልዞረችም። ራ ትባላለች። የተሠራችው ከደንገል ነው፤ ደንገሉም የታጨደው ከጣና። አሠሪዋ ቶር ሄየርዳል ሲሆን ይህም ሰው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1914 ላርቪክ ውስጥ ነው፣ በአርቸር ከተማ፣ አርቸር በሕይወት ሳለ። አንዲት ትንሽ የኖርዌይ ከተማ በውኃ ላይ ስለ መሄድ የሚታሰበውን ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ማፍራቷ ይገርመኛል። አንዱ ከታች ክብደትና እንጨት እየጨመረ ሄደ፤ ሌላው ፒራሚድ ሥር የታሰረ የቄጠማ ነዶ ይዞ አትላንቲክን ልሻገር አለ።

ሄየርዳል ጥንታውያን ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ነበር ልፋቱ። በግብፅ ደንገል ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ወደ እኛ መጣ። የጣናን የደንገል ታንኳዎች አየ፤ 12 ቶን ያህል የጣና ደንገል ጊዛ ድረስ ተጓዘ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች አሰሩት። ሰባት ሰዎች ይዛ የወጣችው ራ ገና በመነሻዋ የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። ያም ሆኖ ነፋስና የባሕር ሞገድ ወደሚወስዱበት እየሄደች ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። የኋላዋ ክፍል ግን ውኃ እየጠጣ፣ እየከበደ ሰመጠ። በግብፅ ሥዕሎች ላይ ከመርከቦቹ ቀና ያለ የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወጠር ገመድ አለ፤ ሠሪዎቹ ጌጥ መስሏቸው ትተውት ነበር። ያ ገመድ ጌጥ አልነበረም፤ አከርካሪ ለሌላት መርከብ አከርካሪ ሆኖ ጫፍና ጫፍ የሚይዝ ነበር። ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በማግስቱ ዓመት ሁለተኛዋ ራ፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ጠንክራ ተጠፍራ፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ስለ ራ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ራ አልሰጠመችም። ግማሽ ገላዋ ከውኃ በታች ሆኖ፣ ሞገድ ወለሏ ላይ እየተመላለሰባት፣ ሰዎቿን ለሳምንታት ተሸክማ ቆይታለች። ደንገል ውኃ ይጠጣል እንጂ እንደ ተቀደደ ጀልባ ዘጭ ብሎ አይወርድም። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

እስከዚያው ጣና ላይ ትንሽ እንቆይ። ታንኳ ለምን ኪል የላትም ብሎ ባሕር ዳር ላይ የጠየቀ ሰው ይሳቅበታል፤ መሣቁም ተገቢ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን አማካዩ ስምንት ዘጠኝ ሜትር፣ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ዳር ዳሩ ደለልና ደንገል፣ የደሴቶቹ መውረጃ ድንጋይ ነው። ሁለት ሜትር ወደ ታች የሚወርድ የሸራ ጀልባ ገና ከዳር ሳይርቅ ጭቃ ላይ ይተከላል። ታንኳ ግን አንድ ሁለት ጋት ውኃ ካገኘች በቂዋ ነው። ነገደ ወይጦዎች ለትውልድ ሲሠሩባት የኖሩት ጥበብ ዕቃው ሁሉ ከሐይቁ ዳር የሚታጨድ ነው፦ ነዶ ነዶ እየታሰረ፣ ጫፉ ወደ ላይ እየተቀለበሰ፣ መሐሉ ላይ ሌላ ደረቅ ነዶ እንደ መቀመጫ እየተጋደመ። ቀዛፊው ወደየትም አይንሸራተትም፤ በጎን ወደሚፈልገው ይገፋል፣ በቦታው ያዞራታል፣ ሸንበቆ መሐል ይገባል። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ደግሞ ጉዞውን በጧት ጨርሷል። የእርጥብ ታንኳ መላዋ ከውኃ አውጥቶ ማድረቅ ነው፤ ስታረጅ ወደ ሐይቁ ሄዶ ሌላ ማጨድ ነው። 

ታሪካችን ታንኳ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዘመን ዐፄ ካሌብ ጦራቸውን ከአዱሊስ ወደ የመን ያሻገሩት በመርከብ ነው። የዘመኑ የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር የሚሠሩት መርከቦች በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን መዝግቧል። ሳንቃው በሳንቃው ላይ ተሰፍቶ የሚሠራው መርከብ ከባሕር ውስጥ ዐለት ጋር ሲጋጭ አይሰነጠቅም፣ ይለመጣል። ምጽዋ ላይ የሚታዩት ሳምቡክ የተባሉ የሸራ ጀልባዎችም የዚያው ባሕር ልጆች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ምጽዋን ጣቢያው አድርጎ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በማደራጀትና በማሠልጠን ረገድ እጃቸው ካለበት አገሮች አንዷ ኖርዌይ መሆኗን ስንጨምርበት፣ የአርቸር አገር ከእኛ ውኃ ጋር ያለው ጉዳይ በሄየርዳል ብቻ የተወሰነ አይደለም።

ወደ ረጅሙ ኪል ልመለስና ነቀፌታውን ልናገር፤ አፍቃሪዎቹ ሲያወሩ የሚደብቁት አላቸው። አንደኛ፣ ቀርፋፋ ነው። ማንኛውም ውኃ ሰንጥቆ የሚሄድ ጀልባ የራሱን ሞገድ እየሠራ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ሞገዱ ይረዝማል፣ በመጨረሻ ሞገዱና ጀልባው እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ለመፍጠን ጀልባው ከራሱ ሞገድ ላይ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ከባዱ አይችልም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ውኃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ፣ በ2.43 ማባዛት። ስምንት ሜትር ቢሆን ሰባት ኖት የማይሞላ፣ ማለትም በሰዓት ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር። ይህ ጣሪያው ነው። ቀላል ነፋስ ባለ ቀን ደግሞ ጣሪያውንም አያየው፤ ያ ሰፊ ኪል ሁሉ ከውኃ ጋር ይፋተጋል፣ ጀልባው እንደ ታመመ ሰው ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ወደብ ውስጥ ያሳፍራል። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጀልባ መዞር ሲያስፈልገው ያው ጠባዩ እንቢታ ይሆናል። በሞተር ወደ ኋላ ሲሄድማ ፕሮፔለሩ ወዲያ፣ ባለቤቱ ወዲህ ይላሉ። መሪው ከኪሉ ጀርባ ተደብቆ የተቀመጠ በመሆኑ የዓሣ መረብና ገመድ አይዘውም፣ ድንጋይ ቢነካ ኪሉ ይቀድምለታል፤ ለመዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ግን የለውም። ሦስተኛ፣ ውስጡ ጠባብ ነው። ብርሌው ወደ አንገቱ ስለሚጠብብ ወለሉ ላይ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ አይገኝም። አሥር ሜትር በሚሞላ ጀልባ ውስጥ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ መቀመጥ አለበት። በለውጡ ከወለሉ በታች ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ይገኛል፤ የመጠጥ ውኃ ታንከር፣ ሰንሰለት፣ የታሸገ ምግብ ሁሉ እዚያ ይወርዳል፣ ክብደቱ በታች ይሆናል፣ የገባ ውኃም እዚያ ይጠራቀማል እንጂ አልጋ አያርስም።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አንሥቶ ነዳፊዎች ኪሉን አሳጥረው እንደ ክንፍ አጠበቡት፣ መሪውን ነጥለው ወደ ኋላ ወሰዱት። ፋይበርግላስ መምጣቱ ቅርጹን ነፃ አወጣላቸው። ጀልባዎቹ ቀለሉ፣ ሰፉ፣ ፈጠኑ፣ ወደ ነፋሱም ይበልጥ ቀርበው መሄድ ቻሉ። ይህን መካድ ድንቁርና ነው፤ ዛሬ ውድድር የሚያሸንፍ ሰው ረጅም ኪል አይገዛም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በተደረገው የፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፣ 24 ጀልባዎች ተጥለው ተወጡ፣ አምስቱ ሰጠሙ። ከዚያ ወዲያ የተደረገው ምርመራ ያስጨነቀው አንዱ ነገር ሰፊና ቀላል ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ ተገልብጦ መቆየት መውደዱ ነው። ተለጥፎ የሚታሰረው ኪል ሌላ ጭንቅ አለው፤ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ቶኒ ቡሊሞር በደቡቡ ውቅያኖስ ኪሉ ተሰብሮ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር፣ በጨለማ፣ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል እስኪደርስለት ለቀናት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለችው ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ወድቆ አራት ሰዎች ጠፍተዋል። ከገላው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ረጅም ኪል የሚወድቅበት ቦታ የለውም።

ለዚህም ይመስላል የ1968ቱን ውድድር ለማስታወስ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና የተጀመረው የጎልደን ግሎብ ውድድር ሕጉን ወደ ኋላ የመለሰው። ጀልባው ከ9.75 እስከ 10.97 ሜትር፣ ንድፉ እ.ኤ.አ. ከ1988 በፊት የተሠራ፣ ኪሉ ረጅም፣ መሪው ከኪሉ ጀርባ የተንጠለጠለ እንዲሆን ያስገድዳል። ጂፒኤስ የለም፤ ፀሐይና ኮከብ መለካት ነው። ተወዳዳሪው ማን እየመራ እንደሆነ እንኳ አይነገረውም። የረጅም ጉዞ ፈተናም እዚህ ወለል ብሎ ታየ፦ ፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌቲነን በመጀመሪያው ዙር አስቴሪያ በተባለች ጀልባው ሰፊ ሆድ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ተጣብቆባት፣ አሸናፊው በ211 ቀን የጨረሰውን እሱ በ322 ቀን ጨረሰ።

ሁለተኛው ዙር በነሐሴ 2014 መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ከፈረንሳይ ሲነሣ ኪርስተን ኖይሼፈር የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት ነበረችበት። ጀልባዋ ሚኔሃሃ ትባላለች፤ ኬፕ ጆርጅ 36 የተሰኘው ንድፍ ሲሆን ሥሩ ወደዚያው ወደ አትኪን ይመለሳል። በ235 ቀን ጨርሳ ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ስትገባ ብቻን ዓለምን የመዞር ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ማሸነፏን ያወቀችውም ስትገባ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ማሸነፏ ሳይሆን ኅዳር ላይ የሆነው ነው። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ የሌቲነን አስቴሪያ ከኋላዋ ውኃ ገባባት። ረጅም ኪል ነበራት፣ ጠንካራ ነበረች፣ ዓለምን አንድ ጊዜ ዞራለች። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ያ ቶን ሙሉ ክብደት፣ አየሩ ሲወጣ ወደ ወለሉ የሚጎትታት ሆነ። ደንገል ይህን አያደርግም፤ ራ እየበሰበሰች እንኳ ተንሳፍፋለች። ሌቲነን የጎማ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጣ፤ የነፍስ አድን ምልክቱም ተሰማ።

ቅርብ የነበረችው ኖይሼፈር ናት። መሪዋን በእጇ ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እሱ ሄደች፤ ጧት የሞገዱ ከፍታ የጎማ ጀልባዋን ስለሚሸፍንባት በሬዲዮ እየተነጋገሩ ነበር የተፈላለጉት። ገመድ ወረወረችለት፣ ጎትታ አወጣችው። ከዚያ ለእርዳታ የመጣ የጭነት መርከብ አጠገብ ድረስ አደረሰችውና እሱ መሰላሉን ወጣ። የውድድሩ አዘጋጆች በኋላ ለዚህ ሥራ 35 ሰዓት አሰቡላት። እሷ ሸራዋን አስተካክላ ወደ ምሥራቅ ቀጠለች፤ ከፊቷ የሕንድ ውቅያኖስ፣ ፓሲፊክና ኬፕ ሆርን ነበሩ።